ተናጋሪው መስኮትና የተለጎመው መምህር



ከሲያትል በስተ ደቡብ በምትገኘው በዚህች በኬንት ከተማ የሚያድግ የኢትዮጵያዊ ልጅ የትምህርት ቤት ቦርሳ ቢፈተሽ ደብተርና ላፕቶፕ ጎን ለጎን ይገኙበታል። መምህሩ ትምህርቱን በክፍል ውስጥ ያስረዳል፤ የቤት ሥራው፣ ተጨማሪ ንባቡ፣ እርማቱና ውጤቱ ደግሞ በኢንተርኔት ይመላለሳል። ክፍልና ስክሪን ተደጋግፈው የሚሠሩበት ይህ ዘዴ እዚህ አገር የዘወትር ነገር ሆኗል። የአገራችን ሰዎች ቡና ላይ ሲገናኙ «ይኼ ነገር ለአገር ቤት ልጆች መቼ ይደርሳቸው ይሆን?» ሲሉ ደጋግመን ሰምተናል።

ጥያቄው ከቅን ልብ የመነጨ ቢሆንም አንድ ታሪክ ይዘነጋል። ደርሷቸው ነበርና። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ውስጥ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ተክላ ከሳተላይት ትምህርት ስታወርድ፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ተማሪዎች ከትምህርት ቤታቸው የተሰጣቸው የየራሳቸው ኮምፒዩተር አልነበራቸውም። እንግዲህ ዕቃው ቀድሞ ከደረሰ ትምህርቱ ስለምን ወደ ኋላ ቀረ?

መልሳችንን ከወዲሁ እናስቀምጥ። ክፍልንና ስክሪንን አቀናጅቶ ማስተማር የሚቻለው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ አንደኛው ስክሪኑን «ቆይ!» የማለት ሥልጣን ያለው መምህር፣ ሁለተኛው ተማሪው ጥያቄውን መልሶ የሚልክበት መንገድ። የአገራችን ገዢዎች በየዘመናቸው ዕቃውን ሲያስገቡ እነዚህን ሁለቱን አብዛኛውን ጊዜ ደጃፍ ላይ አስቀርተዋቸዋል። ታሪኩን በቅደም ተከተል እንመልከተው።

ከሬዲዮ እስከ የካቲት 1966

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሳይቆይ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ሥርጭትም ተከተለ። ሬዲዮው ግን ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ሩቅ ተጓዘ፤ ዋጋው ርካሽ፣ የሚፈልገው ባትሪ ድንጋይ ብቻ ነበርና። እኛም ተማሪ ሳለን የሬዲዮ ትምህርት ሰዓት ሲደርስ መሣሪያው ከመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር። መምህሩ አስቀድሞ መምሪያውን አንብቦ አዳዲስ ቃላትን በሰሌዳ ላይ ይጽፍልናል፤ ሬዲዮው ተናግሮ ሲያበቃም የሰማነውን ያስደግመናል። ቅንጅት ይሉት ነገር ስሙ ሳይወጣለት በዚያች ደሳሳ ክፍል ውስጥ ነበረ።

የመጀመሪያው ትልቅ ግጭት የመጣው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። በ1964 ዓ.ም. የተጀመረውና «ሴክተር ሪቪው» በመባል የታወቀው ጥናት የአገሪቱን የትምህርት ሥርዓት ከሥር መሠረቱ ሊለውጥ ተነሣ። ለብዙኃኑ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስ፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት መስፋፋት እንዲገታ ሐሳብ አቀረበ። ከሐሳቡ ውስጥ ደህና ነገር አልጠፋም። ነገር ግን ጥናቱ በባለሙያዎችና በውጭ አማካሪዎች እጅ ተዘጋጅቶ ለሕዝብ ይፋ ሳይሆን ቆየ፤ በሥራ ላይ የሚያውለው መምህርም በሚገባ አልተመከረበትም። ወላጁ «ልጄን ከአራተኛ ክፍል ሊመልሱብኝ ነው» ብሎ ሠጋ፤ መምህሩ በኑሮውም በክብሩም ተቆጣ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ባቆሙበት ዕለት የአዲስ አበባ ታክሲዎችም አብረው ቆሙ። የቀረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መምህሩን ሳያማክሩ የመጡ ማሻሻያዎች ዙፋን እስከማናጋት እንደሚደርሱ ያ የካቲት በቂ ምስክር ነው።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ተቃራኒውን አሳየ። ደርግ በሌላው መስክ የፈጸመውን ሁሉ ሳንዘነጋ፣ ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች እንደተካሄደና በዓለም አቀፍ ደረጃ እንደተሸለመ መመስከር ይገባል። ሬዲዮ በዘመቻው አገልግሏል፤ ያስተማረው ግን ከዛፍ ጥላ ሥር ከገበሬው ጋር የተቀመጠው ሰው ነበር። መሣሪያው ረዳት፣ ሰው ዋና የሆነበት ዘመቻ ስለነበር ፍሬ አፈራ።

ፕላዝማው

ወደ 1997 ዓ.ም. እንምጣ። ኢሕአዴግ «የትምህርት ጥራት» በሚል መርሕ ከ400 በሚበልጡ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሺህ የሚቆጠሩ የፕላዝማ ስክሪኖችን አስገባ። ትምህርቶቹ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅተው፣ በእንግሊዝኛ ተቀርጸው፣ ከአዲስ አበባ በሳተላይት በመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት ይሠራጩ ጀመር። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና የሥነ ዜጋ ትምህርት በዚሁ መንገድ ተሰጡ።

ለፍርድ እንዳንቸኩል የደጋፊዎቹንም ክርክር እናስታውስ። የሠለጠነ የሳይንስ መምህር እጥረት ነበረ። ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቅ የገጠር ልጅ የኬሚካል ለውጥን በምስል ማየቱ ትልቅ ነገር ነው። የቦሌና የጋምቤላ ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት ማግኘቱም በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል።

አሠራሩን ስናይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። 40 ደቂቃ ያህል ከሚወስደው ክፍለ ጊዜ ውስጥ 30 ደቂቃ ገደማውን ስክሪኑ ይወስዳል። ለመምህሩ የሚቀርለት መጀመሪያ ላይ አምስት፣ መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ነው። ሥርጭቱ ቀጥታ ከሳተላይት ስለሚመጣ ማቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ መድገም አይቻልም። ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ድምፅ «ይህን ጥያቄ ሥሩ» ብሎ ሰዓት ይቆጥራል፤ ተማሪው ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። እስከ ስድስተኛ ወይም እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር የቆየ ልጅ ድንገት በባዕድ አነጋገር በሚፈጥን እንግሊዝኛ ፊዚክስ ሲወርድበት ምን ይውጠው? በጋዜጠኝነት ዘመናችን ያነጋገርነው አንድ የገጠር ከተማ መምህር ሥራውን እንዲህ ሲል ገልጾልናል፦ «መብራት ሲጠፋ እኔ እጀምራለሁ፤ መብራት ሲመጣ እኔ እጠፋለሁ።» መብራቱ ሲመለስ ሥርጭቱ እነርሱን ሳይጠብቅ ሁለት ገጽ አልፎ ይገኛል።

ይህ ቅንጅት አልነበረም። መምህሩ ተተካ፤ ተተክቶም ክፍሉን የመጠበቅ ግዴታው ብቻ ቀረለት። ተማሪውም ይህን ሳያስተውል አልቀረም። ስክሪኑ አዋቂ፣ መምህሩ ማብሪያ ማጥፊያ የሚነካ ሠራተኛ ሆኖ በታየበት ክፍል ውስጥ የመምህርነት ክብር እንደምን ይጠበቃል? ከዓመታት በኋላ ስክሪኖቹ በብዙ ትምህርት ቤቶች ተበላሽተው አቧራ ለበሱ፤ የወደቀው የመምህሩ ክብር ግን እንደ ዕቃ በመለዋወጫ የሚጠገን አልሆነም።

በዚያው ዓመት የተዘጋው መንገድ

ታሪክ አንዳንድ ጊዜ በራሱ ፈቃድ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ፕላዝማው በገባበት በዚያው 1997 ዓ.ም. የግንቦቱ ምርጫ ተካሄደ፤ በሰኔ ወር የሞባይል አጭር መልእክት አገልግሎት ተዘጋ። እስከ መስከረም 2000 ዓ.ም. ድረስም ሳይከፈት ቆየ። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ጋዜጠኞች ታሰሩ፣ የግል ጋዜጦች ተዘጉ፤ በዚሁ ዓመት ግንቦት ላይ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን የሚያዘጋጇቸው ድረ ገጾች አገር ቤት እንዳይነበቡ ታገዱ። ወረዳዎችን ከማዕከል ጋር የሚያገናኘው «ወረዳኔት» እና የትምህርት ቤቶቹ «ስኩልኔት» በብዙ ገንዘብ የተዘረጉትም በእነዚሁ ዓመታት ነው።

በአንድ እጅ ሳተላይት እየሰቀሉ በሌላው እጅ የስልክ መልእክት መቁረጥ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ለእኛ አይመስለንም። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ድምፅ ሁሉ ተፈቀደ፤ ከታች ወደ ላይ ወይም ከጎን ወደ ጎን የሚሄድ ድምፅ ሁሉ ተከለከለ። ፕላዝማው ለዚያ አስተሳሰብ ተስማሚ ዕቃ ነበር፤ ይናገራል እንጂ አይሰማምና።

መምህሩስ ለምን ዝም አለ የሚል ይኖራል። ዝም አላለም፤ ተለጎመ እንጂ። በ1985 ዓ.ም. ከ40 የሚበልጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ቀን ከሥራ ተባረሩ። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት በ1988 ዓ.ም. ታስረው የተፈቱት በ1994 ዓ.ም. ነው። የማኅበሩ ባልደረባ አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. በጠራራ ፀሐይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። በመጨረሻም በ2000 ዓ.ም. የማኅበሩ ስምና ንብረት በፍርድ ቤት ውሳኔ ለመንግሥት ለቀረበው ወገን ተሰጠ። እንግዲህ ፕላዝማው ሲመጣ «ይህ ነገር እንዲህ ቢስተካከል» ብሎ በሙያ ቋንቋ የሚከራከር ነፃ የመምህራን ድምፅ አልነበረም። የትምህርት ቴክኖሎጂያችን ውድቀት ቴክኒካዊ ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሌሎችም ወድቀውበታል

በዚህ መንገድ የሄድን የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። አሜሪካዊቷ ሳሞአ እ.ኤ.አ. በ1964 ትምህርቷን በቴሌቪዥን ላይ መሠረተች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መምህራንም ተማሪዎችም ሰልችተው ወደ መደበኛው ተመለሱ። አይቮሪ ኮስት በ1971 በታላቅ ድምቀት የጀመረችውን የአንደኛ ደረጃ የቴሌቪዥን ትምህርት በ1982 ዘጋች። በኤል ሳልቫዶር የቴሌቪዥን ትምህርቱን ያቀፈው ማሻሻያ ከመምህራን ማኅበሩ ጋር ተጋጭቶ እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1971 ታላላቅ የሥራ ማቆም አድማዎች ተካሂደዋል። እኛ ፕላዝማ ስንገዛ ይህ ሁሉ ተጽፎ በመደርደሪያ ላይ ነበር።

መምህርን የመዝለል ፈተና ከውጭም መጥቶብናል። እ.ኤ.አ. በ2012 «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ሕፃናት ታብሌት አድሎ ያለ መምህር ምን እንደሚማሩ ለማየት ሞከረ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ሕፃናቱ በጥቂት ወራት ውስጥ የመሣሪያውን መቆለፊያ እንደፈቱ ለዓለም በኩራት ተናገረ። የኢትዮጵያ ልጅ ብልህ መሆኑን ለማወቅ ግን ታብሌት አያሻም ነበር። ብልህ ልጅ ቁልፍ መፍታቱና አንብቦ መረዳቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛው ሰው ይፈልጋል።

ፈተናውን ለመጠበቅ ኢንተርኔትን መዝጋት

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት አሳዛኝ ምፀት ይዘው መጡ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ በኢንተርኔት ወጣ። በውጭ የሚኖሩ የኦሮሞ መብት አቀንቃኞች በኦሮሚያ በተቃውሞው ምክንያት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ልጆች እንዲፈተኑ መገደዳቸውን በመቃወም ያወጣነው እኛ ነን አሉ። ቅሬታው እውነት ነበረ። ሆኖም ሌሊት ከሌሊት ሲያጠና የከረመ ልጅ ፈተናው ሲሰረዝበት ምን እንደተሰማው በተቃዋሚው ሠፈር ብዙ አልተጠየቀም። የመንግሥት መልስ ደግሞ ከዚህ የከፋ ሆነ፤ በሐምሌ 2008 ማኅበራዊ ድረ ገጾች ተዘጉ፣ በግንቦት 2009 እና በሰኔ 2011 በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለትምህርት ሲባል የመማሪያው መንገድ ተዘጋ።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ቀሩ። የአንደኛ ደረጃው በሬዲዮ፣ የሁለተኛ ደረጃው በቴሌቪዥን እንዲማር ተባለ፤ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች በቴሌግራም የቤት ሥራ መላክ ጀመሩ። መምህራን በገዛ ስልካቸው፣ በገዛ ካርዳቸው፣ ድምፃቸውን እየቀረጹ ለተማሪዎቻቸው ሲልኩ ያ ዘመን ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ለአፍታ ታየ። ተማሪው ይጠይቃል፣ መምህሩ ይመልሳል! ነገር ግን የሐጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ ሰኔ 23 ቀን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቆረጠ፤ ለሦስት ሳምንታት ያህልም ጠፋ። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ትግራይ በጦርነት ውስጥ ለሁለት ዓመት ያህል ከስልክም ከኢንተርኔትም ከትምህርትም ተለየች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ አንድ ዓመት ገደማ ቆየ፤ ትምህርት ቤቶች የጦር ሠፈር ሆኑ፣ ሚሊዮኖች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ። መንግሥት ተለውጧል በተባለበት ዘመንም መቁረጫው መቀስ አልተለወጠም።

በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት የዚህ ሁሉ ድምር ነው። ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ፈተናውን በከፊል በኮምፒዩተር መስጠት ጀምሯል። ፈተናን በኮምፒዩተር መስጠት ኩረጃን ይቀንስ ይሆናል፤ ያልተማረውን ልጅ ግን አያስተምረውም።

ከኬንት የሚታየው

እዚህ የምናየውን ገነት አስመስለን ልንጽፍ አንፈልግም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የዋሽንግተን ግዛት ገዥ ትምህርት ቤቶችን ሲዘጉ በዚህ አካባቢ ያሉ የስደተኛ ቤተ ሰቦች ክፉኛ ተጎዱ። አባት በታክሲ፣ እናት በኤርፖርት ወይም በመጋዘን ሥራ ላይ፣ ሦስት ልጆች በአንድ ሳሎን ውስጥ በሦስት ላፕቶፕ ላይ፤ ከመካከላቸው ትንሹ ካሜራውን አጥፍቶ እንቅልፍ ላይ። ስክሪን ብቻውን ልጅ እንደማያሳድግ ሀብታሟ አሜሪካም ተምራበታለች። በሚያዝያ 2021 ክፍሎች በከፊል ሲከፈቱና ልጆች አንዳንድ ቀን በአካል፣ አንዳንድ ቀን በኢንተርኔት ሲማሩ ብዙ ወላጆች እፎይ ያሉት ልጃቸው መምህሩን ስላገኘ ነው።

ነገር ግን ከሥር ያለውን መሠረት እንመልከት። የዋሽንግተን ግዛት ምክር ቤት ትምህርት ቤቶችን፣ ኮሌጆችንና ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኘውን «ኬ-20» የተባለ መረብ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የአገሪቱ የቴሌኮም ሕግ ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት የኢንተርኔት ወጪያቸው እንደ ድህነታቸው መጠን ከ20 እስከ 90 በመቶ እንዲደጎም መንገድ ከፈተ። በኬንት ቤቱ ኢንተርኔት የሌለው ልጅ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ በነፃ ይጠቀማል። ለትምህርት ቤት ቴክኖሎጂ የሚውለውን ልዩ ግብር ነዋሪው በድምፁ ያጸድቃል ወይም ይነፍጋል፤ የትምህርት ቤት ቦርዱም በምርጫ የተሾመ ነው። በመንግሥት ትእዛዝ የአንድ ክልል ትምህርት ቤቶች መስመር ለአንድ ዓመት የሚቆረጥበት አሠራር የለም።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ልባችንን ነክቶታል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 መጨረሻ የኬንት መምህራን በደመወዝ፣ በክፍል የተማሪ ብዛትና ለተማሪዎች በሚሰጠው ድጋፍ ጉዳይ የሥራ ማቆም አድማ አደረጉ። የትምህርት መክፈቻው ቀን ተራዘመ፤ ወላጆች ተማረሩ፤ ድርድር ተደረገ፤ ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ ትምህርት ተጀመረ። ማንም አልታሰረም። ማንም አልተገደለም። አቶ አሰፋ ማሩን ለሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ይህ ተራ ዜና አይደለም። ላፕቶፑን የትምህርት መሣሪያ ያደረገው እንዲህ ያለው የመምህሩ ነፃነት መሆኑን ከዚህ ይማራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በየዓመቱ በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በለንደን ለተወለድንባቸው አካባቢዎች ትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተር ለመግዛት ገንዘብ እናዋጣለን። ይህ የተቀደሰ ሥራ ነው፤ አይቋረጥ። ነገር ግን ሣጥኑን ከመጫናችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ። የዚያ ትምህርት ቤት መምህራን ዕቃውን ፈልገውታል ወይስ ከበላይ ተነግሯቸው ነው? ሲበላሽ የሚጠግነው፣ ሲጠቀሙበትም የሚያሠለጥነው ማነው? ኢንተርኔት ሲቆረጥ፣ መቆረጡም አይቀርምና፣ ልጆቹ ምን ይዘው ይቀራሉ? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሚሆኑ ነገሮች አሉ። መጻሕፍትና የቪዲዮ ትምህርቶች ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ ኮምፒዩተር ላይ ተጭነው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ትምህርቶቹን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ማዘጋጀት የሚችሉ ጡረታ የወጡና የተሰደዱ መምህራን በየከተማችን ሞልተዋል።

አገር ቤት ላላችሁ መምህራን ወገኖቻችንም አንድ ቃል አለን። ከሴክተር ሪቪው እስከ ፕላዝማ፣ ከፕላዝማ እስከ ታብሌት ያለፋችሁበትን ጻፉት። የትኛው ዘዴ ሠራ? የትኛው ከሸፈ? ተማሪው ምን አለ? ነገ አዲስ መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ሚኒስትር አይጠፋም፤ ያን ጊዜ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ ነው የሚሟገትላችሁ። የሚዲያ ነፃነት፣ የመምህራን ማኅበር ነፃነትና ያልተቋረጠ ኢንተርኔት ከትምህርት ጥራት ውጭ የቆሙ የፖለቲካ ጥያቄዎች አይደሉም። ተማሪው እጁን አውጥቶ «አልገባኝም» የሚልባት፣ መምህሩም ስክሪኑን አቁሞ የሚያስረዳባት ክፍል የምትሠራው በእነርሱ ላይ ነው።

ቸር ይግጠመን።

ኬንት፣ ዋሽንግተን